አንድ ትርፍ ቋጠሮ

ሲባጎው ላይ አንድ ቋጠሮ ተርፎ ነበር። ማየቱንስ ጠዋት አይታዋለች፤ ምን ማለት እንደሆነ የገባት ግን ኮቱ ከእጇ ከወጣ በኋላ ነው።

ያን ጠዋት የጦሩ ካሚዮን ከስፌት ቤቱ ደጃፍ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል። አስር አለቃው ጆንያውን ከትከሻው አውርዶ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ገለበጠው። የፈሰሰው ሁሉ ሲባጎ ነው፤ በያንዳንዱ ጫፍ ቁጥር የተመታባት ትንሽ ቆርቆሮ ተንጠልጥላለች። ጦርነቱ በጠና ሰሞን የልብስ መለኪያ ሜትር ከገበያ ስለ ጠፋ፣ አስር አለቃው ምልምሎቹን የሚለካው በሲባጎ ነበር። ጫፉን አንገት ሥር ይይዛል፤ ትከሻ ላይ ሲደርስ አንድ ይቋጥራል፣ ክርን ላይ አንድ፣ የእጅ አንጓ ላይ አንድ። አንድ ሲባጎ አንድ ሰው ነው። የሱም ስም በዚሁ ሲባጎ ሆኖ ቀረ፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቅ በስፌት ቤቱ ውስጥ አልነበረም።

«የእጩ መኮንኖቹ ነው» አለ ላቡን በቆቡ እየጠረገ። «ከቀትር በኋላ እወስደዋለሁ። ማታ ይጫናሉ።»

«ማታ? ነገ ጠዋት አልነበር እንዴ?» አለች ቁልፍ የምትተክለው ሴት። ሁሉም «እትዬ ቁልፍ» ይላታል፤ ከአፏ ወይ ቁልፍ ወይ ቀልድ አይጠፋም።

«በቀን አውሮፕላን ያያል፣ እትዬ። ጨለማው ነው የኛ።»

«ተመስገን፣ የኛ የሆነ ነገር ተገኘ! በል እንግዲህ እኔንም ለካኝና ባል ፈልግልኝ።»

«ሲባጎው አይበቃኝም።»

ሴቶቹ ሳቁ። ያልሳቀችው በመስኮቱ በኩል የተቀመጠችው የምሁሩ እናት ብቻ ናት። ልጇ የኮሌጅ ተማሪ ስለሆነ ነው እንዲህ የሚሏት፤ በዚያ ቤት ከሚሠሩት ሴቶች መካከል ልጇ ኮሌጅ የደረሰላት እሷ ብቻ ነበረች። እሷም ብትሆን ሁለተኛ ደረጃን የጨረሰች ናት፤ ጋዜጣ ታነባለች፣ ማንበቧ ግን ፍርሃቷን አበዛው እንጂ አልቀነሰውም። ልጇ ቢያስነጥስ አባቱን የገደለው የሳንባ በሽታ ይታያታል፤ አባትየው የጡብ ፋብሪካ አቧራ ሲውጥ ኖሮ ነው የሞተው። ልጇ ቢዘገይ የኮሌጁ መንገድ ድልድይ ተደርምሷል። ድመት ብትጮህ መርዶ ነው።

«አንቺ እኮ ዝናብ ሳይጥል የምትበሰብሺ ነሽ» ትላታለች እትዬ ቁልፍ።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ትላለች እሷም፤ መልሷ ሁልጊዜ ይኸው ነው።

ሥራው ጥድፊያ ነበር። ኮቶቹ ተሰፍተው ያለቁ ናቸው፤ የቀራቸው በየሰውየው ሲባጎ ልክ እጅጌያቸውን መቁረጥና መዝጋት ነው። ሌሎቹ ሴቶች ትርፉን ጨርቅ በመቀስ ይጥሉታል። የስፌት ቤቱ ኃላፊም እንደዚያው ነበር ያዘዘው። የምሁሩ እናት ግን አትቆርጥም። ለሚያድግ ልጅ እንደሚሰፋ ሰው ትርፉን ወደ ውስጥ አጥፋ ትሰፋዋለች። ለምን ቢሏት «ማን ያውቃል» ነው መልሷ።

ከሲባጎዎቹ አንዱን ስታነሳ አንጓው ጋ ሁለት ቋጠሮ አገኘች። አንዱ ከሌላው ሁለት ጣት ያህል ይርቃል። «ሲባጎ ደግሞ ዛሬ ጠጥቶ ነው የለካው» አለችና የራቀውን ቋጠሮ በጥፍሯ ፈታችው። ሁለቱንም እጅጌ በቀረበው ቋጠሮ ልክ አጠፈች፣ ሰፋች፣ ቆርቆሮዋን ኮሌታው ላይ አሰረች፤ ሲባጎውን ሽርጧ ኪስ ከተተችና ወደሚቀጥለው አለፈች። የተፈታው ቦታ ክሩ ላይ ጎብጦ ቀርቶ ነበር። ያንንም አይታዋለች።

*

ማታ ከሥራ ስትመለስ የመንገዱ መብራት ሁሉ እንደ ወትሮው በሰማያዊ ቀለም ተሸፍኗል። ቤቷ ገብታ መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ጋረደች፣ ኩራዟን ለኮሰች፣ ካውያው ላይ ከሰል አደረገች። ልጇ ለነገ የሚለብሰውን ሸሚዝ ከገመድ አወረደችና ልትተኩሰው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። እጅጌውን በእጅጌው ላይ ደረበች።

የግራው ሁለት ጣት አልፎ ወጣ።

አዲስ ነገር አልነበረም፤ ራሷ እንደዚያ አድርጋ የሰፋችው ሸሚዝ ነው። ልጇ ትንሽ ሳለ ኳስ ሊያወርድ ከጎረቤት አጥር ወድቆ ቀኝ ክንዱን ተሰበረ፤ አጥንቱ ሲገጥም አጥሮ ገጠመ። ከዚያ ወዲህ የሰፋችለት ሸሚዝ ሁሉ የግራ እጅጌው ይረዝማል። ዓምና ለጦሩ ሲመለመሉ ሐኪሙ ያንን ክንድ ወደ ላይ አንስቶ አየና «ይሄ አይሆንም፣ ወደ መጽሐፉ ይመለስ» አለ። ያን ቀን እናትየው ስትረግመው የኖረችውን አጥር ሄዳ መሳም ብቻ ነበር የቀራት። ድልድዩን፣ ሳንባውን፣ የኮሌጁን ጣሪያ፣ የከሰሉን ጢስ ስትፈራ፣ በዓለም ላይ ሳትፈራ የተማመነችበት አንድ ነገር ያ ያጠረ ክንድ ነው።

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። ያልፈሩትስ?

ካውያውን ብረቱ ላይ አስቀመጠች። ሲባጎውን ከሽርጧ ኪስ አውጥታ ሸሚዙ ላይ ዘረጋችው። ትከሻው ትከሻው ላይ አረፈ። ክርኑም ክርኑ ላይ። የአንጓው ቋጠሮ ከቀኙ እጅጌ ጫፍ ጋር ገጠመ፤ ክሩ የጎበጠበት ቦታ ደግሞ ከግራው።

«አይ እኔ» አለች። ቁጭ አለች፣ ተነሳች፣ ነጠላዋን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠች። የጦር ሰፈሩ ከከተማው ወዲያ ማዶ ነው። ካሚዮኖቹ ወጥተው ይሆን? ሸሚዙን በደረቷ አቅፋ በሩን ከፈተችና ደፍ ላይ ቆመች። በሩ እንደሆነ ልጁ ሳይገባ ተቆልፎ አያውቅም። የሰፈሩ ዘበኛ ማታ ማታ ሲያልፍ «ምሁሩ ገባ?» ይላል፤ «ገብቷል» ካለች ይሄዳል፣ «አልገባም» ካለች ትንሽ አጫውቷት ይሄዳል።

ሁለት ሰዎች ከቅያሱ ብቅ አሉ። አንዱ ያነክሳል። ሁለተኛውን በአረማመዱ አወቀችው።

*

«እትዬ፣ ጉድ ሠርተሽኛል!» አለ አስር አለቃ ሲባጎ ገና ከሩቁ። በክንዱ ኮት ይዟል። «እጅ የሚያክል ቋጠሮ አስሬልሽ የት ጣልሽው? ይኸውና ባለቤቱን ራሱን አመጣሁልሽ፣ እላዩ ላይ ለኪው። የትኛዋ ሰፊ ናት ብዬ ብጠይቅ የመስኮቷ ናት አሉኝ። ስንመጣ ደግሞ ይሄ ልጅ ሳልነግረው መንገዱን ይመራኛል! አንተ፣ እዚህ ሰፈር...»

አልጨረሰውም። ልጁ ከደፉ ፊት ለፊት ቆሟል። እናትየው ያቀፈችው ሸሚዝ እጅጌ ተንጠልጥሏል፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር። አስር አለቃው ሸሚዙን አየ፣ ልጁን አየ፣ ቆቡን አወለቀ።

«እማዬ» አለ ልጁ።

«ግባ፣ ብርድ ነው» አለች።

አስር አለቃው በሩ አጠገብ ካለው ዱካ ጫፍ ላይ ተቀመጠና ጉልበቱን ያሽ ጀመር። ልጁ ቆሞ ቀረ። ፀጉሩ ተላጭቷል፤ ጆሮዎቹ የትንሽ ልጅ ጆሮ መስለዋል። ኮቱን አለበሰችው። ቀኙ እጅጌ ልክ መጣ። የግራው አንጓው ሁሉ እስኪታይ ወደ ላይ ተሰበሰበ።

«መቼ ልትነግረኝ ነበር?»

«ለእትዬ ቁልፍ መልእክት ትቻለሁ። ነገ ጠዋት ትነግርሽ ነበር።»

«ነገ? አንተ ሄደህ?»

«ፊትሽን እያየሁ አልችልም፣ እማዬ። ከጦር ሰፈሩ በቀጥታ ልንጫን ነበር። ይሄ እጅጌ ባይሆን...»

ያቺን ቋጠሮ በጥፍሯ ባትፈታ ኖሮ ይህንን የተላጨ ራስ ሳታየው ይሄድ ነበር። ጥፍሯን አየችው።

«አውልቀው» አለች። ኩራዟን አስጠጋች፣ መነጽሯን አደረገች፣ ኮቱን ገልብጣ ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። «ክንድህን ሐኪሙ አላየም?»

«ማንም አላየም። ሎጋሪዝም ትችላለህ ወይ ነው ያሉኝ። እችላለሁ አልኩ። መድፈኛ ተባልኩ።»

«እኔ ነኝ ያየሁት» አለ አስር አለቃው ከዱካው ላይ። «በልክ እንዲሆንለት ብዬ ሁለቱንም ክንድ ለካሁ። ባልለካ ይሻል ነበር መሰለኝ።»

«ትምህርትህስ? አንድ ዓመት ነው የቀረህ።»

«የምን ትምህርት፣ እማዬ? የሒሳብ መምህራችን ዘመተ። የድልድይ ሥራ የሚያስተምረን ሰውዬ ድልድይ ሊያፈርስ ሄደ። ቤተ ሙከራው ውስጥ ቁስለኛ ነው የተኛው። ሦስት ወር ሙሉ እየሄድኩ የምቀመጠው ባዶ ወንበር መሃል ነበር። አልነገርኩሽም እንጂ።»

«ባዶም ቢሆን ተቀመጥ! ወንበር ሰው አይገድልም።»

«መቀመጥ ቢቻል እኮ! ከሚመጣው ወር ጀምሮ ለተማሪ ምሕረት የለም ተብሎ ተለጥፏል። ቀድሞ የገባ እጩ መኮንን ይሆናል፣ የኮሌጅ ቦታው ይጠበቅለታል። የቆየ ይታፈስና እግረኛ ነው። አሰብኩ፣ እማዬ። ሌት ተቀን አሰብኩ። አንድ ቀን ልቆይ እላለሁ፣ በማግስቱ ልሂድ እላለሁ። እንዲህ ስል ጓደኞቼ ሄደው አለቁ። መድፍ ደግሞ ከኋላ ነው፤ ከግንባሩ ይርቃል።»

እናትየው የመተርተሪያውን ምላጭ ክሩ ላይ እንዳሳረፈች ቀረች።

ስፌት ቤቱ አዲስ ልብስ ብቻ አይደለም የሚሠራው። ከግንባር የሚመለሰውም የሚመጣው እዚያው ነው፤ ታጥቦ፣ ቀዳዳው እንዲደፈንና ለሌላ ሰው እንዲሰጥ። ደሙ ይለቃል፣ ቀዳዳው ግን የት እንደነበር ይናገራል። የእግረኛው በኬሻ ይመጣል። የመድፈኛው፣ ያ ቀይ ኮሌታ ያለው፣ ከዚህ ቀደም ጭራሽ አይመጣም ነበር። ካለፈው ወር ወዲህ በዘንቢል ይመጣል። ባለፈው ሳምንት ከዘንቢሉ ያወጣችው ኮት እጅጌው ወደ ውስጥ ታጥፎ የተሰፋ ነበር፤ የራሷ እጅ ሥራ። ለማንም አልተናገረችም።

«መድፍ ከኋላ ነው አይደል፣ አስር አለቃ?» አለ ልጁ።

አስር አለቃው እናትየውን አያት። እሱ ነበር ዘንቢሉን ተሸክሞ የሚያመጣው።

«ከኋላ ነው» አለ።

«አዎ፣ ከኋላ ነው» አለች እሷም።

ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣላት። የምላጩ ስለት ከጨርቁ በላይ ነበር። ትንሽ ቢያዳልጣት፣ እጅጌው ከላይ እስከ ታች ቢሰነጠቅ ምን ይሆናል? ሌላ ኮት ዛሬ ማታ አይገኝም።

«አስር አለቃ» አለች ቀና ሳትል፣ «ይሄ ኮት ባይስተካከልስ?»

ሰውየው ገባው። ቆቡን በእጁ ላይ አዞረ። «ሻምበሉ ተናግሯል፣ እትዬ። ልብሱ ያልሆነለት ከረድፉ ይወጣል። ዛሬ እዚህ ያድራል፣ እውነት ነው። ነገ ግን ከእግረኞቹ ጋር ነው የሚጫነው፤ እነሱ ልብስ በልክ አይሰጣቸውም። ቃለ መሐላ ፈጽሟል። ቢደበቅ ደግሞ...» አለና አቋረጠ። የባለ ዳቦ ቤቱን ልጅ ነገር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ልጁ ቆጥ ላይ ሲደበቅ በምትኩ አባትየውን ነው የወሰዱት።

«እንግዲህ ኬሻ ወይ ዘንቢል» አለች እናትየው ለራሷ።

«ምን አልሽ እማዬ?»

«ኩራዙን ከፍ አድርግልኝ ነው ያልኩህ። አይታየኝም።»

ልጁ ኩራዙን አንስቶ ያዘላት። ትንሽ ሳለ የቤት ሥራውን በዚሁ ብርሃን ሲሠራ እሷ ነበረች የምትይዝለት። አንድ አዳር ከእሷ ጋር፣ ከዚያ ኬሻ። ወይም አሁኑኑ፣ ከዚያ ዘንቢል። ዘንቢሉ ከኬሻው ያንሳል። ከዚህ ሌላ የምትመዝነው ነገር አጣች። ሁለተኛ ደረጃ መጨረስ፣ ጋዜጣ ማንበብ፣ ያን ሁሉ ዓመት መጠርጠር፣ መጨረሻው የኬሻና የዘንቢል ሒሳብ ሆነ።

ክሩን ተረተረችው።

ያጠፈችው ጨርቅ ተዘረጋ። ሁለት ጣት፣ እንደ ልኩ። ሌሎቹ ሴቶች ሰፍተውት ቢሆን ኖሮ ትርፉ ተቆርጦ ወድቆ የሚዘረጋ ነገር አይገኝም ነበር፤ እሷ ግን ፈሪ ስለሆነች ተገኘ። አዲሱን ጫፍ በትንሹ አጥፋ በእጇ ሰፋችው። መኪናው ስፌት ቤት ነው፤ ቤቷ ያለው መርፌ ብቻ ነው። ቀስ ብላ ልትሰፋ ፈለገች፣ እጇ ግን ከልምዱ የተነሳ ይፈጥናል። አስር አለቃው ሁለት ጊዜ ወደ በሩ አየ።

«ጥሩ መምህር ትሆናለህ ብዬ ነበር» አለች።

«ምህንድስና ነው እኮ የምማረው፣ እማዬ።»

«አውቃለሁ። እኔ ግን መምህር ነበር ያሰብኩት። መምህር ከፍ ያለ ቦታ ላይ አይወጣም።»

ልጁ ሳቀ። ኩራዙ በእጁ ተንቀጠቀጠ፣ ጥላቸውም ግድግዳው ላይ አብሮ ተንቀጠቀጠ። «እትዬ ቁልፍ እውነቷን ነው። ዝናብ ሳይጥል...»

«ዘንቧል እኮ» አለች እናትየው።

የመጨረሻውን ክር በጥርሷ በጠሰች። የድሮው እጥፋት መስመር ጨርቁ ላይ ቀርቷል፤ ካውያውን አንስታ በእርጥብ ጨርቅ ላይ ደጋግማ ተኮሰችው። አልጠፋም። አለበሰችው። አሁን ሁለቱም እጅጌ አንጓው ላይ እኩል አረፉ። እንዲህ ልክ የሆነ ኮት ለብሶ አያውቅም ነበር። ኮሌታው ቀይ ነው። ቁልፎቹን ከታች ወደ ላይ ዘጋችለት፣ መጨረሻው ላይ ስትደርስ እጇ አንገቱ ሥር ቆየ።

«ሞቀህ?»

«ሞቀኝ።»

«ውስጡ ሹራቡን ልበስ።»

«አይፈቀድም፣ እማዬ።»

«እንደፈቀዱት የሆነ ነገር አለ እንዴ?» አለች። ሹራቡን አምጥታ ጠቅልላ ከብብቱ ሥር ሸጎጠችለት። አስር አለቃው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፣ እንዳላየ።

ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሊስም ሲል ያዘችው፤ የተላጨውን ራሱን በሁለት እጇ ይዛ ግንባሩን ሳመች። ሳንባውን፣ ድልድዩን፣ አውሮፕላኑን ጠንቀቅ እንዲል ልትነግረው ነበር። ያን ሁሉ ዓመት የምትለው ነገር አያልቅባትም ነበር፤ ዛሬ አለቀባት።

«ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ።»

«ጻፍ።»

«ቦታዬን ይጠብቁልኛል ብለዋል፣ ኮሌጁ።»

«ይጠብቁልሃል።»

አስር አለቃው ቆቡን አደረገ። ሊወጣ ሲል ወደ እሷ ዞሮ «እትዬ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» አለ። ስለ የትኛው ነገር እንደሆነ አልተናገረም፣ እሷም አልጠየቀችውም። በሰማያዊው ብርሃን ውስጥ ወደ ቅያሱ ሲሄዱ ደፉ ላይ ቆማ አየቻቸው። አንዱ ያነክሳል፤ አንዱ አዲሱ ኮት ከብዶት እጁን ሳያወዛውዝ ይራመዳል። ልጁ አንድ ጊዜ እንኳ ዞሮ አላየም። እንዲዞር አልፈለገችም ነበር፣ ቅያሱን እስኪያልፉ ግን ዓይኗን አልነቀለችም።

ገባች። የካውያውን ከሰል አራገፈች። ሸሚዙ ጠረጴዛው ላይ ገና ሳይተኮስ አለ። ሲባጎው ላዩ ላይ ተጋድሟል። በክሩ ጉብጠት ላይ ጣቷን አስቀምጣ ቋጠሮውን መልሳ ልትቋጥረው ሞከረች፤ ክሩ ግን ከጣቷ ላብ የተነሳ ረግቦ ቦታው ጠፋባት። ተወችው። ሸሚዙን በሰፊው ዘርግታ ለነገ እንደሚለበስ ወንበሩ መደገፊያ ላይ ሰቀለችው። ከሩቅ የካሚዮኖች ድምፅ ተሰማ፣ ብዙ ናቸው፣ አንዱ ከሌላው ሳይለይ እየራቀ ሄደ። ድምፁ ፈጽሞ እስኪጠፋ ቆማ ሰማች።

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ዘበኛው ዱላውን እያንኳኳ መጣና ስንጥቁ ላይ ቆመ።

«እትዬ፣ መብራትሽ ወደ ውጭ ይታያል። ኋላ እኔን ነው የሚቆጡኝ።» ከዚያ እንደ ወትሮው፣ «ምሁሩ ገባ?»

አፏ ላይ «አልገባም» መጥቶላት ነበር። ያን ካለች ዘበኛው ቆሞ ሊያጫውታት ነው፣ በሩም ክፍት ሊያድር ነው።

«ገብቷል» አለች። «ተኝቷል።»

«በሉ ደህና እደሩ።»

ዱላው እየተንኳኳ ራቀ። በሩን ገፍታ ገጠመችው፣ መወርወሪያውን አሻገረች፣ ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞረች።